ስንት ያወጣ ይሆን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ አንድ ወሬ ይዞራል። የእገሌ ጎረቤት፣ አያቱ ትተውለት ያለፉትን ሸክላ ማጫወቻ ለፈረንጅ ሸጦ መኪና ገዛበት ይባላል። መኪናው አንዳንዴ ቪትዝ ነው፣ አንዳንዴ ኮሮላ፤ እንደ ተራኪው ቸርነት ነው። ፈረንጁ ግን ሁልጊዜ ፈረንጅ ነው። ጎረቤቱን በዓይኔ አየሁት የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢሆንም ወሬው ሥራውን ሠርቷል። ትናንት «ይሄን ኮተት ከሳሎን አውጡልኝ» ይሉ የነበሩ እናቶች ዛሬ ኮተቱን ሲወለውሉ ይውላሉ።

የአጎቴ ቤት ለዚህ ወሬ ተዘጋጅቶ የኖረ ቤት ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ የተገዛ ግሩንዲግ ራዲዮግራም አለ፤ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ የእንጨት ሣጥን የያዘ፣ አራት እግር ያለው፣ ሁለት ጎልማሳ የሚያስተነፍስ የጀርመን ዕቃ። በላዩ ላይ በደርግ ጊዜ የተገዛ ባለ ሁለት ካሴት የጃፓን ቴፕ ተቀምጧል። በቴፑ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ልጆች ሳለን ወደዚያ ጥግ መጠጋት ክልክል ነበር። ቁልፉን የመንካት ሥልጣን የአጎቴ ብቻ ነው፤ አክስቴ እንኳ የሚያጠፉት «ይጥፋ?» ብለው ካስፈቀዱ በኋላ ነበር።

ያኔ ጭቆና የመሰለን ነገር ለካ ንግድ ኖሯል። አሮጌ የድምፅ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚመኘው አቧራ ያልገባበት፣ ፀሐይ ያላነጣው፣ ቁልፉ ያልጎደለና የልጅ እጅ ያልነካው ዕቃ ነው። ዳንቴልና ቁጣ ይህን ሁሉ በነፃ ሠርተዋል። ውልወላው ግን በልክ ቢሆን ደግ ነው። ሂልቨርሰም፣ ሉክሰምበርግ እያለ የከተማ ስም የተደረደረበት የድሮ ሬዲዮ መስታወት ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የታተመው ከጀርባው በኩል ነው፤ ፈትቶ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግ ያደረገው ሰው ግማሽ አውሮፓን በአንድ ጊዜ ይደመስሳል። ከዚያ በኋላ መርፌዋ የት እንደቆመች የሚያውቅ የለም።

ዋጋ ማጠያየቁ የተጀመረው ከደጅ ነው። መጀመሪያ የተጠራው ቆራሌው ነበር። እሱ ክዳኑን አልከፈተም፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ነቅነቅ አደረገውና በዓይኑ መዘነው። ለእሱ ራዲዮግራም ማለት እንጨት፣ ብረትና መዳብ ነው። የጠራውን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ አጎቴ ያነቡት ይሆናል። ቀጥሎ የመጣው ልዋጭ ትልቅ ሳፋ ከሁለት ጆግ ጋር አቀረበ። አክስቴ ሳፋውን ገልበጥ አድርገው ታችኛውን ማየታቸውን እንዳየሁ ይቆጠርልኝ።

በቆራሌው መሳቅ ቀላል ነው፤ ግን በአንድ ነገር ከብዙ አዋቂ ይበልጣል። ክብደት ያያል። የጥንት አምፕሊፋየር ሲያነሱት መክበዱ መልካም ምልክት ነው፤ ጉልበት የሚሰጠው ትራንስፎርመርና ሙቀቱን የሚያበርደው አሉሚኒየም በቀጥታ ኪሎ ናቸውና። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ኤስኤክስ-1250 የሚባለው ሪሲቨር በአንድ ቻናል 160 ዋት ይሰጣል፤ ክብደቱም ወደ 30 ኪሎ ነው። ዛሬ ደግሞ ጎኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበትን ቴፕ በሁለት ጣት አንስተው ወደ ሠርግ ይዘውት ይሄዳሉ። ዋቱ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። አሜሪካም ይህ ልማድ በዝቶ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1974 መንግሥት፣ አምራቾች በማስታወቂያ የሚናገሩት ኃይል በአንድ ዓይነት መለኪያ የተለካ ይሁን ብሎ ደንብ አወጣባቸው። የዚያን ጊዜ ዕቃ ላይ ያለ ዋት ዛሬም የሚከበረው አንድም በዚህ ነው።

ሦስተኛው ገማች የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ መሣሪያው ስልክ ነው። የራዲዮግራሙን ፎቶ አነሳ፣ ፈለገ፣ ጮኸ። አንድ ጀርመናዊ የዚሁን መንትያ በሺህ ዩሮ ይሸጣል። አጎቴ ዩሮውን በብር ሲያባዙ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከራዲዮግራሙ አጠገብ ቡና ማፍላት ተከለከለ።

እኔ ግን ልጁን «ይሄ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ስንት ጊዜው ነው?» አልኩት። ቆየት ያለ ነው። «እስቲ ይሸጣል የሚለውን ተወውና የተሸጠውን ብቻ አውጣልኝ» አልኩት። ሲያወጣው ቁጥሩ እንደ ክረምት ጭቃ ተንሸራተተ። ብዙዎቹ ራዲዮግራሞች ጭራሽ ዋጋ የላቸውም፤ «መጥቶ ለሚወስድልኝ በነፃ» ይላል ባለቤቱ፣ የልመና ቃና ባለው ጀርመንኛ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን በብዛት ተመርተዋል፣ ግማሽ ክፍል ይይዛሉ፣ ማጓጓዣቸው ከራሳቸው ይበልጣል፣ ውስጣቸው ያለው ሸክላ ማጫወቻም ከሣጥኑ ተነጥሎ ከሌላ ዕቃ ጋር አይገጠምም። ዕድሜ ብቻውን ገዢ አያመጣም። ዕድሜ ቢሸጥ ኖሮ አጎቴ ራሳቸው ሚሊየነር ነበሩ፤ ይህን ያሉት አክስቴ ናቸው።

ገዢ የሚሮጥለት ሌላ ነው። የእንግሊዙ ጋራርድ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው 301 እና የስዊዙ ቶረንስ በ1957 ያወጣው ቲዲ-124 የሚባሉት ሸክላ ማጫወቻዎች ሣጥን እንኳ ሳይኖራቸው ይፈለጋሉ። የማራንዝ የ1970ዎቹ ሪሲቨሮች፣ ያ የፊታቸው ሰማያዊ መብራት ብቻውን ሰው ያስጎመጃል። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ፤ የዲጄ ሁሉ መደገፊያ ሆነ፤ በ2010 ፋብሪካው «በቃ» አለ፤ አሮጌዎቹን ሰው ሲሻማባቸው አይቶ በ2016 ተመልሶ መጣ። የሶኒ የመጀመሪያው ዎክማን፣ የ1979ኙ፣ ደግሞ በሲኒማ ነው የከበረው፤ በ2014 አንድ የአሜሪካ የጠፈር ፊልም ላይ የዋናው ተዋናይ ወገብ ላይ ታየና ሰው ሁሉ መሳቢያውን መፈተሽ ጀመረ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «የኛ ምን ጎደለው?» አሉ። ከባድ ጥያቄ ነው። የእሳቸው ዕቃ ምንም አልጎደለውም፤ የሚፈልገው ሰው ነው የጎደለው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሣጥኑን ሲያይ የዘነጋውን ልጥቀስ። ከራዲዮግራሙ ሥር፣ በተንሸራታች በሩ ውስጥ፣ ሸክላዎች አሉ። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ ካይፋ የሚባለው አሳታሚ ተከተለው፤ ፊሊፕስም ነበረ። ሸክላዎቹ ውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር። ዘመኑ አጭር ነው፤ አብዮቱና ካሴቱ ተጋግዘው ጨረሱት። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያኑ ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ለዓለም አሰማ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚለውን ፊልሙን በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ አጀበው። ከዚያ ወዲያ ንጹሕ የሆነች የኢትዮጵያ ባለ 45 ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ብታወጣ የሚገረም የለም። ማለትም ወሬው እውነት ቢሆን እንኳ ቪትዙ የመጣው ከማጫወቻው አይደለም።

ችግሩ «ንጹሕ» የምትለዋ ላይ ነው። የእኛ ሸክላ የተሠራው ለጭፈራ እንጂ ለመደርደሪያ አልነበረም። ሠርግ ሄዷል፣ ክርስትና ሄዷል፣ ለጎረቤት በውሰት ሄዶ ወዙ ወጥቶ ተመልሷል። እንዳይጠፋ ደግሞ የባለቤቱ ስም መሀሉ ላይ ባለው ወረቀት በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ላይ ከነፊርማው። መርፌዋ መዝለል ስትጀምር ክንዱ ላይ ስሙኒ ይደረግ ነበር። ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ሰዉም ይጨፍራል፤ ግን ያ የስሙኒ ክብደት ያለቀችን መርፌ ሸክላው ላይ እየጫነ ጎድጓዷን እንደ ማረሻ ሲያርሳት ኖሯል። ስሙኒ ሲቆጥቡ ሸክላውን ከሰሩ። ፈረንጅ ሰብሳቢ ሸክላ ሲገዛ አስቀድሞ አይሰማም፤ ከማኅደሩ አውጥቶ መብራት ሥር ያጋድለዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ጭረቱን ይቆጥራል። እጩ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትመረመርም።

ቨርጂኒያ ያሉት የአጎቴ ታናሽ ወንድም በስልክ ገቡ። «እዚህ ላኩት፣ እኔ እሸጠዋለሁ» አሉ። አሜሪካ ሆኖ የማይሸጥ ነገር ያለ የማይመስላቸው ሰው ናቸው። ሣጥኑን ማን ይሸከማል? ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚይዝ ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀድለት፤ ያም ከአውሮፕላን ማረፊያ በፊት በበርበሬ፣ በሽሮና በድርቆሽ ተይዟል። በርበሬ አስወጥቶ ድምፅ ማጉያ የሚያስገባ አበሻ ገና አልተወለደም።

ቢሄድም ደግሞ ኤሌክትሪኩ አለ። ይህን ጉዳይ ሰው ሁሉ በግማሽ ነው የሚያውቀው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የእነሱ 120 ገደማ መሆኑን ያውቃል፤ ትራንስፎርመር ይገዛና ጉዳዩ አለቀ ይላል። ቮልቱ አለቀ፤ ምቱ ግን አላለቀም። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የአሜሪካው 60 ጊዜ፤ ትራንስፎርመር ይህን አይነካውም። ብዙዎቹ የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚቀበለው ከዚህ ምት ነው። እኚሁ ወንድም ቀደም ብለው ከዚያ ያመጡት አንድ ማጫወቻ ስለነበር ውጤቱን ቤተሰቡ በጆሮው ሰምቷል። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 28 ገደማ ይዞራል። ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ ጉንፋን የያዘው ሹፌር ሆና ቁጭ። አክስቴ «ምነው ልጅቷ፣ አመማት እንዴ?» አሉ። የእኛን ወደዚያ ሲወስዱት ደግሞ በ45 የሚዞረው 54 ይደርሳል፤ ትዝታ ይጀመርና እስክስታ ይሆናል። በአንዳንዶቹ ላይ ሞተሩ ጫፍ ያለችውን መዘውር በሌላ በመለወጥ ይስተካከላል፤ መዘውሯን ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ንግድ ነው። እንደ ቴክኒክሱ ፍጥነታቸውን በራሳቸው የሚቆጣጠሩት ይህ ጣጣ የለባቸውም። ስለዚህ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ሲገዙ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳያነቡ ገንዘብ አይቁጠሩ።

በመጨረሻ ከምን አለሽ ተራ አንድ ነጋዴ መጣ። ምን አለሽ ተራን ለማያውቅ፦ መርካቶ ውስጥ ሆኖ፣ ከየቤቱ የተጣለ ነገር ሁሉ ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦና ተጠርጎ እንደገና የሚሸጥበት ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ዕቃውን ሳይሆን ግድግዳውን ማየት ጀመረ፤ እንዳልጓጓ እንድናውቅለት።

አጎቴ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ታሪክ ጀመሩ። «ልጄ፣ ጃንሆይ መውረዳቸውን የሰማሁት በዚህ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እዚሁ ቦታ ቆሜ።»

«ፋዘር፣ የጃንሆይ መውረድ ዋጋ አይጨምርም» አለ ልጁ በትሕትና። «መርፌው አለ?»

«አለ እንጂ!»

«ይሠራል?»

«ሲሠራ ነበር።»

አሮጌ ዕቃ ንግድ ውስጥ «ሲሠራ ነበር» ከሚለው የበለጠ ውድ ዐረፍተ ነገር የለም፤ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጠዋል። ልጁ ቴፑን አነሳና የባትሪ ቤቱን ከፈተ። ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት። የባትሪ ድንጋዮቹ እዚያው ተረስተው፣ ፈስሰው፣ ምላሱን በልተውታል። ድሮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ በጥርስም ይነከስ ነበር። ሊሞት ሲል የተነከሰ ድንጋይ በቀሉን የሚወጣው እንዲህ ነው። ልጁ ድምፅ መጨመሪያውን ጠመዘዘ፤ ቆሎ የሚቆላ መሰለ። ይህ ቀላል በሽታ ነው፤ አቧራ ነው፤ ማጽጃ ሲነፋበት ይድናል። ግን ሻጭ ፊት ሲንኮሻኮሽ ገዢ ፊቱን እንዴት እንደሚያጨማድድ ማየት ነበረባችሁ።

ከዚያ የካሴት ፈተና መጣ። ዕድሜው የገፋ ቴፕ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይሆናል፤ ያኔ ካሴት ይበላል። ስለዚህ ለሙከራ የሚገባው ካሴት ተወዳጅ መሆን የለበትም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መሥዋዕት መረጠ። የጥላሁን አይሆንም፤ የአስቴር አይሆንም፤ የልጆች የክርስትና ቅጂ እንዲያውም አይታሰብም። በመጨረሻ አጎቴ በደርግ ጊዜ በማታ ትምህርት የተሰጣቸው የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴት በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ቴፑም ሳያሳፍር በላው።

ልጁ ሁለቱንም ዕቃ ጠቅልሎ አንድ ዋጋ ጠራ። አጎቴ ሌላ ጠሩ። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ከዚህ እስከ ደሴ ነው። «መጨረሻውን ይንገሩኝ» አለ። «መጨረሻው ይሄ ነው» አሉ። «የመጨረሻ መጨረሻውን?» አለ። ቡና ተጠጥቶ ተለያዩ፤ ልጁ ግን ከበር ላይ ዞሮ «ፋዘር፣ አሠርተው ይሽጡት፤ የሚሠራና የማይሠራ አንድ አይደለም» ብሎ መከረ። ገዢ ሲመክር መስማት ያልተለመደ ስለሆነ አጎቴ ተቀበሉት።

ዕቃዎቹ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄዱ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጀርባቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች መሀል ተቀምጦ ለእንግዳ የሚሰጠው ወንበር ራሱ ስፒከር ነው። የድሮ ሰው ነው፤ ችኩል አይደለም። ራዲዮግራሙን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልሰካውም፤ በመስመሩ መሀል አንድ አምፖል አስገባ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ደምቆ ከደበዘዘ ተስፋ አለ። ለዓመታት ያልበራን ዕቃ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ «እስቲ እንሞክረው» እያሉ በቀጥታ መሰካት የብዙ አሮጌ ሬዲዮ መሞቻ ነው፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ደርቀዋልና። የእኛው ደበዘዘ። ጠጋኙ ካፓሲተሮቹን ለወጠ፣ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ፣ ለቴፑ ላስቲክ ፈልጎ አገኘ፣ ምላሱን በአሸዋ ወረቀት ፈተገ። ሒሳቡን ሲናገር አጎቴ ትንሽ ዝም አሉ፤ ከፈሉ። ማታ ቤት ሲገባ ሬዲዮው እስኪሞቅ ጠብቆ፣ አጉረምርሞ፣ ተናገረ። አክስቴ እልል አሉ፤ ጎረቤት ሰው የተዳረ መስሎት መጣ።

ገዢ በሳምንቱ ራሱ መጣ። ቦሌ አካባቢ ካፌ የሚከፍት ወጣት ነው፤ ከሰው ሰምቶ ነው። ክዳኑን ከፈተ፣ እንጨቱን ዳሰሰ፣ እግሮቹን አየ፣ ፎቶ አነሳ። ስለ መርፌው አልጠየቀም። ስለ ቮልት አልጠየቀም። አጎቴ ሊያበሩለት እጃቸውን ሲዘረጉ፦

«ኧረ ጋሼ አይድከሙ፤ ባይሠራም ችግር የለም።»

«ባይሠራም?»

«ለጌጥ ነው። ከመግቢያው በር አጠገብ አስቀምጬው አበባ አደርግበታለሁ። ውስጡ ያለውን አውጥቼ ብሉቱዝ አስገባለታለሁ። እንዲያውም የማይሠራ ነበር ስፈልግ የቆየሁት፤ የሚሠራውን መበተን ያሳዝናል።»

የሰጠው ዋጋ ከምን አለሽ ተራው ልጅ በእጅጉ ይበልጣል፤ ስለዚህ መቆጣት አይቻልም። አጎቴ ግን ለጥገና የከፈሉት ገንዘብ እንቅልፍ ነሳቸው። በማግሥቱ ወደ ጠጋኙ ሄዱና ነገሩን አስረድተው፣ ከሒሳቡ የተወሰነ ይመለስልኝ ዘንድ ቢታሰብ አሉ። ጠጋኙ በጥሞና አዳመጠ፤ መበየጃውን አስቀምጦ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን መመለስ አይሆንልኝም፤ ላስቲኩን የገዛሁት በጥሬ ነው» አለ። «ነገር ግን ከፈለጉ መልሼ ላበላሽልዎት እችላለሁ። እርሱን አላስከፍልዎትም።»